መብራት በሚጠፋበት ከተማ ለትንሽ የተክል አኳሪየም ፊልተር አመራረጥ

ፊልተር ገዝተው ዓሣ ያለቀባቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሉት አንድ ነው፦ «እኮ ትልቁንና ውዱን ነው የገዛሁት!» ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ጎንደር ላይ ፊልተር በጉልበቱ አይመረጥም። መብራት ጠፍቶ፣ ሦስት አራት ሰዓት ቆይቶ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ታይቶ ነው የሚመረጠው። ሻጭ ግን ይሄንን አይነግራችሁም፤ የሚያሳያችሁ ካርቶኑ ላይ ያለውን ትልቅ ቁጥር ነው።

ይሄ መመሪያ ከ20 እስከ 80 ሊትር ውሃ ለሚይዝ፣ እውነተኛ ተክል ለተተከለበት ገንዳ ነው። በቅደም ተከተል ሂዱ። ደረጃ አትዝለሉ፣ በተለይ ሦስተኛውን።

1. ገንዳችሁን ለኩ

ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ከፍታውን በሴንቲ ሜትር ለኩ። ሦስቱን አባዙና ለ1,000 አካፍሉ። የሚመጣው ሊትር ነው። 60 በ30 በ35 የሆነ ገንዳ 63 ሊትር ይመጣል። አፈሩ፣ ድንጋዩ፣ እንጨቱና ከላይ የሚተወው ክፍት ቦታ ሲቀነስ ግን የቀረው ውሃ ወደ 50 ሊትር ነው። ስሌቱን በ50 ሥሩ።

አሁን 50ን በ4 እና በ6 አባዙ፤ 200 እና 300 ይመጣል። የሞተር ፊልተር በሰዓት ይሄን ያህል ሊትር ካዞረ ለተክል ገንዳ ይበቃል። ልብ በሉ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ብዙውን ጊዜ ፓምፑ ባዶውን ሆኖ የተለካ ነው። ስፖንጅ ሲገባበትና ትንሽ ሲቆሽሽ ሲሶውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያጣል። ስለዚህ ከ300 እስከ 400 የተጻፈበትን፣ ግን ፍሰቱን መቀነሻ ያለውን ፈልጉ። መቀነሻ የሌለውን ተዉት፣ ቢረክስም።

2. ማን እንደሚኖርበት ቀድማችሁ ወስኑ

ቤታ የሚባለው ዓሣና ሽሪምፕ ኃይለኛ ፍሰት አይወዱም። ቤታ ያ ረጅም ክንፉ እንደ ሸራ ይጎትተውና ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይደክመዋል፣ ከዚያ ይታመማል። ጉፒና ኒዮን የሚባሉት ትንንሽ ዓሦች መካከለኛውን ይችላሉ። ጎልድፊሽ ለዚህ መጠን ገንዳ አይሆንም፤ ብዙ ያቆሽሻል፣ ተክሉንም ይበላዋል። ጎልድፊሽ ላይ ልባችሁ ካረፈ ይሄንን ጽሑፍ እዚህ ጋ አቁሙት፣ የምትፈልጉት ሌላ ገንዳ ነው።

ተክሉም ራሱ ፊልተር መሆኑን አትርሱ። ከዓሣው የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያና ከእሱ የሚፈጠረውን ናይትሬት ይመገበዋል። ተክሉ በርከት ካለና ዓሣው ጥቂት ከሆነ የፊልተሩ ሥራ ግማሹ ቀለለ ማለት ነው። አኑቢያስ፣ ጃቫ ፈርንና ቫሊስኔሪያ ለጀማሪ በቂ ናቸው።

አንድ ነገር በጎን ልበል። ከጎርጎራ ወይም ከጣና ዳር ተክል ነቅላችሁ ስታመጡ እንቦጭ እንዳይቀላቀልባችሁ። የተረፈ ተክልንም ወደ አንገረብ ወይም ወደ ቀሃ ወንዝ አትጣሉ። ፀሐይ ላይ አድርቁትና አቃጥሉት።

3. መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አስቡ

ይሄን ክፍል ዘልሎ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው።

የፊልተር ዋና ሥራ ቆሻሻ ማንሳት አይደለም። ስፖንጁ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ መርዛማውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ብዙ ጉዳት ወደሌለው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ይተነፍሳሉ። መብራት ጠፍቶ ውሃው ሲቆም፣ ፊልተሩ ዙሪያውን የተዘጋ ከሆነ፣ ውስጡ ያለው ኦክስጅን በጥቂት ሰዓት ያልቃል። ባክቴሪያው መሞት ይጀምራል፣ ውሃው ይሸታል። መብራት ሲመጣ ፊልተሩ ያንን የሸተተ ውሃ ቀጥታ ዓሣው ላይ ይተፋዋል።

ጎንደር ላይ ሌላም ነገር ይጨመራል። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ከተማ ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። የውጭ ቪዲዮዎች ላይ «የውሃውን ገጽ አታንቀሳቅሱ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበናል» ሲሉ ብትሰሙ፣ ያ ለተክሉ ብለው ጋዙን በሲሊንደር ለሚጨምሩ ሰዎች ነው። እናንተ ሲሊንደር ከሌላችሁ የውሃው ገጽ ይንቀሳቀስ፣ ምንም አታጡም።

4. ዓይነቱን ምረጡ

አራት ዓይነት ታገኛላችሁ።

*በአየር የሚሠራ ስፖንጅ ፊልተር።* ለጎንደር የመጀመሪያ ምርጫዬ ይሄ ነው፣ በብዙ ርቀት። ውጭ ያለ የአየር ፓምፕ በቱቦ አየር ይነፋበታል፣ አረፋው ሲወጣ ውሃውን በስፖንጁ በኩል ይስበዋል። ስፖንጁ ገንዳው ውስጥ ክፍት ሆኖ ስለሚቀመጥ መብራት ቢጠፋም እንደተዘጋ ፊልተር ቶሎ አይታፈንም። ሽሪምፕና ጫጩት ዓሣ አይስብም። ፓምፑ ቢበላሽ ሌላ ፓምፕ ይሰካል፣ ስፖንጁና ባክቴሪያው እንዳለ ይቀጥላል። ከሁሉም በላይ የዩኤስቢ ፓምፕ ካለው በፓወር ባንክ ይሠራል። ጉድለቱ መልኩ አያምርም፣ ፓምፑም ያንጎራጉራል።

*ውስጥ የሚሰጥም የሞተር ፊልተር።* ሁለተኛ ምርጫ። ውሃ ውስጥ ስለሆነ መብራት ሲመጣ ራሱ ይነሳል። ግን የሞተሩ ፍሰት ለትንሽ ገንዳ ይበዛል፣ የመቀነሻውን ነገር እዚህ ላይ አስታውሱ።

*ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል።* ያምራል፣ ለማጽዳትም ቀላል ነው። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ አንዳንዱ ውሃውን ወደ ገንዳው ይመልስና ባዶውን ይቀራል። መብራት ሲመጣ በደረቁ ሲዞር ሞተሩ ይቃጠላል። ቀኑን ሙሉ ቤት የምትውሉ ካልሆነ አይመከርም።

*ከገንዳው በታች የሚቀመጥ ካኒስተር።* ከ80 ሊትር በታች ለሆነ ገንዳ ብር ማባከን ነው። ዙሪያውን የተዘጋ ስለሆነ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያልኩት ሽታ ቶሎ የሚጀምረውም እሱ ውስጥ ነው።

ከአፈር ሥር የሚቀበረውን ዓይነት ጭራሽ አታስቡት። የተክሉ ሥር ይዘጋዋል።

5. ስትገዙ ይሄን ተመልከቱ

ጎንደር ውስጥ የዓሣ ዕቃ በየሱቁ አይገኝም። ብዙው ከአዲስ አበባ በሰው ይመጣል ወይም ከውጭ በዘመድ። የመጣን ዕቃ መመለስ ስለማይቻል ከመላካቸው በፊት ፎቶ አስልኩና እነዚህን አጣሩ፦

1. *ቮልቴጅ።* 220 ወይም 220–240 ቮልት፣ 50 ኸርዝ መጻፍ አለበት። ከአሜሪካ የሚመጣው ብዙ ጊዜ 110–120 ነው። እዚህ ሶኬት ላይ ስትሰኩት ወዲያው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ገዝቶ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ኸርዙ ስለሚለያይ ሞተሩ በተገቢው ፍጥነት አይዞርም። አክስታችሁ ከዳላስ ስጦታ ልትልክ ከሆነ በዩኤስቢ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ትላክ፣ እሱ የትም ይሠራል።
2. *መለዋወጫ።* ስፖንጁ ለብቻው ይገኛል ወይ? ልዩ ቅርጽ ያለው ካሴት ብቻ የሚቀበል ከሆነ ካሴቱ ያለቀ ቀን ፊልተሩም አለቀ።
3. *የውሃ መሳቢያው ቀዳዳ።* ሰፊ ከሆነ ትንንሽ ዓሣ ይገባበታል። ስፖንጅ የሚያለብሱት መሆኑን አረጋግጡ።
4. *መመለሻ ከልካይ ቫልቭ።* የአየር ፓምፕ ከሆነ አብሮ ይታዘዝ። ትንሽ ፕላስቲክ ናት፣ ዋጋዋ አይጎዳም፣ ያለሷ ግን አትጀምሩ። ምክንያቱን ሰባተኛው ላይ ታዩታላችሁ።

ቱቦ ካጠራችሁ ከፋርማሲ የሚገዛ አዲስ የጉሉኮስ ቱቦ ይሠራል። ያቺ በጣት የምትሽከረከረው መቆጣጠሪያዋ አየር ለመቀነስ ትጠቅማለች። ጫፉ ፓምፑ ላይ ካልገባ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ አቆዩትና ግፉት።

6. ውስጡን አዘጋጁ

ካርቦን ያለበት ከረጢት አብሮ ከመጣ አውጡት። ለተክል ገንዳ በየቀኑ አያስፈልግም። መድኃኒት ከሰጣችሁ በኋላ የተረፈውን ለመሳብ አስቀምጡት።

የሞተር ፊልተር ከሆነ ቅደም ተከተሉ ውሃው በሚገባበት በኩል ሸካራ ስፖንጅ፣ ቀጥሎ ባክቴሪያ የሚራባበት ቀዳዳ የበዛበት ነገር ነው። የሴራሚክ ቀለበት ከሌለ ለመንገድ የሚደለደለው ቀይ አሽ ደህና አድርጎ ይተካዋል። የባቄላ መጠን ያላቸውን ልቀሙ፣ አቧራው እስኪለቅ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ። አንዱን ጠጠር አውጥታችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። አረፋ ከሠራ የኖራ ዘር አለበት፣ ጣሉት። ከዘይትና ከቆሻሻ አጠገብ የተደፋ ቀይ አሽም አትውሰዱ።

የወጥ ቤት ስፖንጅ አትጠቀሙ። ሳሙና ወይም ፀረ ባክቴሪያ የተነከረ ሊሆን ይችላል፣ እኛ ደግሞ የምንፈልገው ባክቴሪያውን ነው። የፍራሽ ስፖንጅም ተዉት። ምን እንደተቀባ አይታወቅም፣ ቀዳዳውም ጠባብ ስለሆነ ቶሎ ይደፈናል።

7. ግጠሙት

1. አዲሱን ስፖንጅ ባልዲ ውስጥ ውሃ ሥር አድርጋችሁ እስኪጨርስ ድረስ ጭመቁት። አረፋ መውጣት ካላቆመ ገና ነው። አየር የያዘ ስፖንጅ ይንሳፈፋል።
2. ገንዳው ጥግ ላይ፣ ከኋላ መስታወቱ ሁለት ጣት ያህል አርቃችሁ አስቀምጡት። ከፊቱ ቫሊስኔሪያ ወይም እንጨት አድርጉ፤ ተክሉ ሲያድግ ፊልተሩ አይታይም።
3. ፓምፑን ከውሃው ገጽ በላይ አድርጉት፣ መደርደሪያ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ። ታች ከተቀመጠ መብራት ሲጠፋ ውሃው በቱቦው ተስቦ ይወርዳል። ፓምፑ ውስጥ፣ ከዚያ ሶኬቱ ላይ፣ ከዚያ ወለሉ ላይ። መመለሻ ከልካይዋ ቫልቭ የምታስቆመው ይሄንን ነው።
4. ቫልቯን ስትገጥሙ በአፋችሁ ንፉባት። አየር የሚያልፍበት አቅጣጫ ወደ ገንዳው ይሁን። ተገልብጣ ከገባች አንድም አረፋ አይወጣም፣ ሰውም ፓምፑ ተበላሸ ብሎ ይጥላል።
5. የኤሌክትሪክ ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተለጥጦ ቅስት ይሥራ። በገመዱ የሚወርድ ውሃ ቅስቱ ሥር ይንጠባጠባል፣ ሶኬት ውስጥ አይገባም።
6. የሞተር ፊልተር ከሆነ መውጫውን ወደ መስታወቱ አዙሩት። ፍሰቱ መስታወቱን መትቶ ሲበተን ይለዝባል።

ማስጠንቀቂያ፦ እጃችሁን ገንዳ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት የሞተሩንም የማሞቂያውንም ገመድ ንቀሉ። ማጥፋት ሳይሆን መንቀል።

8. ፍሰቱን ፈትኑ

የፊልተሩን መውጫ ወደ አንድ ሊትር ጆግ አዙሩትና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። 3,600ን ለሰከንዱ አካፍሉ። በ12 ሰከንድ ከሞላ በሰዓት 300 ሊትር ነው። ለስፖንጅ ፊልተር ይሄ አይሠራም፤ እሱን በዓይን ነው። አረፋው ሳይቆራረጥ መውጣት፣ የውሃው ገጽም ቀስ ብሎ መነቃነቅ አለበት። የተክሉ ቅጠል ይወዛወዝ፣ ግን ወደ አንድ ጎን ተኝቶ አይቅር።

9. ዓሣ ለማስገባት አትቸኩሉ

ባክቴሪያው ለመራባት አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጅበታል። ጎንደር ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ ማሞቂያ ከሌለና ውሃው ከ20 ዲግሪ በታች ከወረደ ከዚያም ይዘገያል። መንገዱ ይሄ ነው፦ መጀመሪያ ተክሉን በብዛት ትከሉ፣ ፊልተሩን ሌት ተቀን አሠሩ፣ በሁለት ቀን አንዴ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣሉ። ተክሉ አዲስ ቅጠል ሲያወጣና ስድስት ሳምንት ሲሞላ ሁለት ወይም ሦስት ዓሣ አስገቡ። ሌላውን ከሁለት ሳምንት በኋላ። የውሃ መመርመሪያ ካገኛችሁ አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ እስኪሆን ጠብቁ።

ዓሣ ያለው ጓደኛ ካላችሁ የቆሸሸ ስፖንጁን ለምናችሁ ውሰዱና በአዲሱ ስፖንጅ ላይ ጭመቁት። ጊዜውን በጣም ያሳጥረዋል። ግን ዓሣው ጤነኛ መሆኑን አይታችሁ፣ ስፖንጁም ሳይደርቅ በዚያው ቀን።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። ክረምት ላይ የወንዙ ውሃ ሲደፈርስ ደግሞ ክሎሪኑ ጠንከር ብሎ ሊመጣ ይችላል። ሰፊ አፍ ባለው ባኞ ወይም ባልዲ ክዳን ሳታደርጉ 24 ሰዓት አቆዩት። ክዳኑ በተዘጋ ጀሪካን ያቆያችሁት አይቆጠርም፣ ክሎሪኑ የት ይሄዳል?

10. አጠባበቅ እንጂ እጥበት አይደለም

ዓሣ የሚገድለው ንጽሕና ሲበዛ ነው። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ካጠባችሁት ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ሊጎዳው ይችላል። በበረኪና ያጠበ ሰውማ ከመጀመሪያው ይጀምር።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ውሃ በምትቀይሩበት ቀን ከገንዳው የቀዳችሁትን ውሃ ባልዲ ውስጥ አድርጉ። ስፖንጁን በላስቲክ ሸፍናችሁ አውጡት፣ አለበለዚያ ቆሻሻው እየተንጠባጠበ ገንዳውን ያደፈርሰዋል። ባልዲው ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ጭመቁ፣ በቃ። ቡናማ ሆኖ ይቅር፤ ነጭ እስኪሆን አትድከሙ። በየሦስት እስከ ስድስት ሳምንቱ፣ ወይም አረፋው ሲደክም። ሁለት ስፖንጅ ካለ አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ከሁለት ሳምንት በኋላ። ጥቁሩን ውሃ ጎመኑ ሥር ድፉት፣ ጎመን ይወደዋል።

ሌላው የተለመደ ጥፋት ፓምፑ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ ማታ ማጥፋት ነው። ማታ ተክሉም ኦክስጅን የሚወስደው እንጂ የሚሰጠው አይደለም። ጠዋት ዓሣው አፉን ከፍቶ ውሃው ገጽ ላይ የሚገኘው ለዚህ ነው። ድምፁ ከረበሻችሁ ፓምፑን የታጠፈ ጨርቅ ላይ አድርጉት፣ ቱቦው ግድግዳ እንዳይነካ አርቁት።

11. መብራት የጠፋ ቀን

*እስከ ሁለት ሰዓት፦* ገመዱን ከመንቀል ሌላ ምንም አታድርጉ። ምግብ ግን አትስጡ።

*ከዚያ በላይ፦* የዩኤስቢውን ፓምፕ ፓወር ባንክ ላይ ሰኩ። ትንሽ ስለሆነ 10,000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ያለው ፓወር ባንክ ብዙ ሰዓት ያሠራዋል። አንዳንድ ፓወር ባንክ ግን የሚስበው ኃይል ሲያንስ ስልክ የሞላ መስሎት ራሱን ያጠፋል። ይሄን መብራት እያለ ፈትኑት፣ በጨለማ አይደለም። ፓወር ባንክ ከሌለ በጆግ ከገንዳው ውሃ ቅዱና ከአንድ ክንድ ከፍታ መልሳችሁ አፍሱት፣ ደጋግማችሁ፣ በየግማሽ ሰዓቱ።

*መብራት ሲመጣ፦* ቶሎ አትሰኩ። ሲመጣ ከፍ ዝቅ ስለሚል አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ስፖንጅ ፊልተሩ ከአራት ሰዓት በላይ ቆሞ ከነበረ ባልዲ ውስጥ አንዴ አራግፉት። የተዘጋ ፊልተር ከሆነ ክፈቱት፣ ውስጡ ያለውን ውሃ ድፉ፣ ስፖንጁን በገንዳው ውሃ ለቅለቅ አድርጉና ከዚያ አስነሱት። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ሩብ ያህሉን ውሃ በዚያው ቀን ቀይሩ፣ ለሁለት ቀን ምግብ ቀንሱ።

12. እንቢ ሲል

*ውሃው ነጭ ደመና መሰለ።* በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመደ ነው። ፊልተሩን አትጠቡ፣ ዓሣ አትጨምሩ፣ ይጠራል።

*ውሃው ገጽ ላይ ቅባት የመሰለ ነገር።* እንቅስቃሴው አንሷል። አረፋውን ጨምሩ ወይም መውጫውን ወደ ላይ አንሱ።

*አረፋው እየደከመ መጣ።* መጀመሪያ ቱቦው መታጠፉን እዩ። ቀጥሎ አረፋ የምታወጣዋን ድንጋይ ንቀሉና ያለሷ ሞክሩ። አየሩ ከበረታ ድንጋዩ ተደፍኗል፣ አቼቶ ውስጥ አሳድሩትና አጥባችሁ መልሱ። ያለሷም ካልተሻሻለ ፓምፑን ፍቱ፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለችው ጎማ ተቀድዳ ነው፣ ጎማዋ ብቻዋን ትቀየራለች።

*ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ውሃ ግን አይወጣም።* ገመዱን ንቀሉ። ፊት ለፊት ያለውን ክዳን አውጡና የምትሽከረከረዋን ማግኔት ጎትቷት። ሥሯ አሸዋ፣ የተክል ክር ወይም ቀንድ አውጣ ታገኛላችሁ። በጥጥ ጥረጉ፣ መልሱ። ተጠርጎም ካልዞረ ዘንጓ ታጥፋ ወይም ተሰብራ ሊሆን ስለሚችል በእጅ አሽከርክራችሁ እዩ፤ እያነከሰች የምትዞር ከሆነ ማግኔቷን ከነዘንጓ ቀይሩ።

*ተክሉ እየተነቀለ ይንሳፈፋል።* ፍሰቱን ቀንሱ። መቀነሻ ከሌለው መውጫው ላይ ቁራጭ ስፖንጅ በክር እሰሩበት፣ ግን ሙሉ በሙሉ አትዝጉት፣ ሞተሩ ይግላል።